አሮጊት ያልነካው ባትሪ

ሞጆ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ባትሪ ነው። ደህና አደራችሁ፣ ባትሪው እንዴት አደረ፣ ሙቀቱ ወረደለት ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጊዜ ከተረፈ። ማንም እንደ ነውር አያየውም። ልጅ ቢያተኩሰው የሚተኛው ራሱ ብቻ ነው፤ ባትሪ ያተኮሰው ዕለት ግን መኪናውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የውኃ መሳቢያውም አብረው ይተኛሉ።

ጧት ጧት ፀሐይ ሳትከርር የሠፈሩ ሰው ባትሪውን ከመኪናው ሆድ እንደ ቁም ሣጥን መሳቢያ ስቦ ያወጣና በባለ አራት ጎማ ጋሪ ላይ አድርጎ ለማናፈስ ይወጣል። ጃንጥላ የሚይዝለት አለ፤ እርጥብ ፎጣ የሚያለብሰው አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ለባትሪ መናፈሻ ዛፍ የተተከለበት መንገድ ሠርቷል። የእግረኛው መንገድ ከጎኑ ያለው ፀሐያማው ነው።

የወጥ ባትሪ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ባትሪ ሁሉ አንድ ቁመት፣ አንድ ወርድ ነው፤ የቆሻሻ መኪናውም፣ የሚኒስትሩም፣ የሙሽሮቹም። መኪና ማለት ቆርቆሮና ወንበር ነው፤ ጠባዩ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ሹፌሩ ያዛል፣ ባትሪው ደግሞ የለመደውን ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል የሚካሄደው ድርድር መንዳት ይባላል። ስለዚህ ያገለገለ ባትሪ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ዕድሜውን ሳይሆን በማን እጅ እንደነበረ ነው። «በመምህር የተያዘ» የሚል ማስታወቂያ ቶሎ ገዢ ያገኛል። «በአሮጊት የተያዘ» የሚለውን ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሰው ይሻማበታል። ባትሪ ከፍጥነት መርገጫው ይልቅ ከፍሬኑ ቶሎ ይማራል ይባላልና፤ አንድ ጊዜ አጥብቆ የፈራ ሰው ፍሬን የያዘበትን ቦታ ባትሪው ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ለእሽቅድምድም የሚፈለገው ባትሪ እንግዲህ ምን ተብሎ እንደሚተዋወቅ መገመት አያቅትም።

እማማ ሶሊያና ማስታወቂያውን ያነበቡት በልጅ ልጃቸው በደብሪቱ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ነው። «አሮጊት ያልነካው» ይላል።

«እንዲህ ይጻፋል?» አሉ።

«አንቺን አይደለም እማዬ።»

«በማን እጅ ነበር?»

«በአንድ የሐዋሳ ልጅ።»

«ልጁ ደህና ነው?»

ደብሪቱ ጥቂት አሰበች። «በሕይወት አለ» አለች።

እማማ ሶሊያና ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ልጁ በሁለት ክራንች እንደሚሄድ የሰሙት ከጎረቤት ነው፤ ከጎረቤት የሚሰማ ነገር ደግሞ ክራንቹን አራት አድርጎ ነው የሚያመጣው።

ሶሊያና የአሮጊት ስም ነው። በዚያ ዘመን ሶሊያና፣ ሄራን፣ ኤልዳና የሚባል ሰው ሁሉ ምርኩዝ ይዟል፤ ወጣቶቹ ደብሪቱ፣ ዘነቡ፣ ውድነሽ ናቸው። እማማ ሶሊያና ደብሪቱን ያሳደጓት አባትና እናቷ ማዕድን ላይ ስለሚሠሩና ከዓመት በዓል በቀር ስለማይታዩ ነው። ሲያሳድጓት ያልፈሩላት ነገር የለም። ንፋስ ፈርተውላታል፣ እንቁላል ፈርተውላታል፣ ደረጃ፣ ሳሙና፣ የሰው ዓይን ፈርተውላታል። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና በረንዳ ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። እማማ ሶሊያና በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያልፈሩላቸው ነገር ወንበር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበርም ይፈራሉ።

ደብሪቱ የደረቅ ወደቡን ክሬን ከመኝታ ቤቷ ሆና በጣቷ ታንቀሳቅሳለች። ቤት የሚያክል ኮንቴይነር አንስታ፣ ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ስታስቀምጥ ነው የምትውለው። እሑድ ሲመጣ ታዲያ «ቀስ» የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም። ለዚህም ስትል ሚጥሚጣን ገዛች። ሚጥሚጣ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ወለሏ ከአስፋልቱ ጋር የሚተሻሽ የእሽቅድምድም መኪና ነች። እማማ ሶሊያና አንድ ጊዜ ሊገቡባት ሞክረዋል፤ መጀመሪያ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ መንከባለል ነበረባቸው። አወጣጡን ባናነሳው ይሻላል።

የሚጥሚጣ የቀድሞው ባትሪ የደከመ ነበር፤ ዳገት ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ቆም እያለ ይተነፍሳል። እማማ ሶሊያና ይወዱት ነበር። አሁን ግን የመቂ ሩጫ ደረሰ። በዓመት ሁለት ጊዜ እሑድ ከሞጆ እስከ መቂ ያለው የፍጥነት መንገድ ይዘጋና የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ ወላጁን ሊያስለቅስ ይወጣል። ደብሪቱ ከሐዋሳ የመጣውን ባትሪ በመፍቻዋ እያጠበቀች ስታስገባ እማማ ሶሊያና የላስቲክ ጓንቷን አጠለቁላት፤ አንዱ ላይ ሁለተኛ ደረቡላት።

ባትሪውን መንከባከቡ በእማማ ሶሊያና ላይ ወደቀ፤ ቤት የሚውሉት እሳቸው ናቸዋ። ቢጠሉትም ሥራቸውን አላጓደሉበትም። ከጥላ አላወጡትም፤ ሙሉ ለሙሉም አላጠገቡትም፣ ባዶውንም አላሳደሩትም። ሮጦ የመጣ ዕለት ሙቀቱ ሳይወርድ ኃይል አልሞሉትም። ጫፎቹን በደረቅ ጨርቅ፣ ነጭ ዝገት እንዳይዝባቸው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ ጠረጉለት። እየጠረጉም ስለ ተገለበጡ መኪኖች አወሩለት፤ ስም እየጠሩ፣ ስንት አጥንት እንደተሰበረ እየነገሩ። ጥቅም አልነበረውም። ባትሪ በምክር አይማርም፤ በዚህ በኩል እሱና ደብሪቱ ይመሳሰላሉ። ይባስ ብሎ ጧት ለማናፈስ ሲገፉት የሌላ ሰው ጋሪ በጎኑ ባለፈ ቁጥር ማራገቢያው በቁጣ ያጓራል። ጋሪ ላይ ተኝቶ እንኳ መቀደም አይወድም።

ይህን ያዩ ዕለት እማማ ሶሊያና አንድ ነገር ማድረግ እንዳለባቸው አወቁ።

እማማ ሶሊያና የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ናቸው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጭልፋው በእጃቸው ነው፤ የአስከሬን መኪናዋም ቁልፍ እንዲሁ። አስከሬን መኪና መንዳት ሙያ አይደለም፤ ቁልፍ የያዘው ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የቀረውን ባትሪው ያውቀዋል። መኪናዋን ሰው ሁሉ ኤሊ ይላታል። ባትሪዋ ከአዋጁ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ከሟች ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የሚደረስባቸው ሰባት ምዕራፎች አሉ፤ እሱም ሰባት ጊዜ ይቆማል። አንድ ቀን ኤሊ ጎማ ልትቀይር ጋራዥ ስትሄድ ሰባት ጊዜ ቆማ ነው የደረሰችው።

ዐርብ ቀን እማማ ሶሊያና ሐሳባቸውን ጨረሱ። የኤሊን ባትሪ ለሚጥሚጣ፣ የሚጥሚጣን ለኤሊ። ሰኞ ጧት ይመልሱታል። ልጂቱ አንድ እሑድ ታፍራለች፤ በእፍረት የሞተ ሰው የለም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ እስከ ሰኞ ሰው እንዳይሞት።

ስለዚህ በሽተኛ ሊጠይቁ ወጡ። የእድሩን ደካሞች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ግንባር ዳሰሱ፣ ምላስ አዩ፣ ምን እንደበሉ ጠየቁ። ሁሉም በደስታ ተቀበሏቸው፤ ሶሊያና መቼም ለሰው ታስባለች ተባለ። የመጨረሻው የጋሽ ኢዮስያስ ቤት ነበር። ጋሽ ኢዮስያስ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ አልጋ ከያዙ ሰነበቱ። በጉብዝናቸው ነዳጅ የሚጠጣ ሚኒባስ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ ከበር ሲወርድ መስቀል የሚሳለም ያህል መሬቱን ይነካ ነበር ይባላል።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ኢዮስያስ?»

«እየሄድኩ ነው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይመስልሻል?»

እማማ ሶሊያና ትራሱን ከፍ አደረጉላቸው፣ መስኮቱን ዘጉላቸው፣ እስከ ሰኞ ድረስ ጠንከር ቢሉ ምን ይመስላቸዋል ብለው ጠየቁ።

«ሰኞ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ሰኞ ጥሩ ቀን ነው።»

ጋሽ ኢዮስያስ ጣሪያውን እያዩ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነና እስኪያልፍ ጠበቁት። «ስሚኝ ሶሊያና፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ቀስ በል ሲለኝ ኖርኩ። አንድም ቀን ቀስ ብዬ አላውቅም፤ አንድም ሰው ጥዬ አላውቅም። አሁን በመጨረሻዬ በዚያች ኤሊ ልትጎትቺኝ ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምንም አይል። እርስዎ ብቻ ይበርቱ።»

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ባትሪዎቹን ለዋወጡ። ማንም ልብ አላለም። በቀን ብርሃን ጋሪ የምትገፋ አሮጊት ሞጆ ውስጥ እንደ ዛፍ ናት። የሐዋሳው ባትሪ ጋሪው እድሩ መጋዘን እስኪደርስ በመንገዱ ባለው ጋሪ ሁሉ ላይ እያጓራ ሄደ። የኤሊን ባትሪ ይዘው ሲመለሱ ግን፣ ቢገፉት እንኳ፣ ጋሪው የከበደ መሰላቸው፤ ባትሪውም ዝም ያለ፣ ጨዋ፣ የሰው ሐዘን የሚያውቅ ዓይነት ነበር። ሚጥሚጣ ሆድ ውስጥ ሲያስገቡት ይቅርታ ጠየቁት።

ቅዳሜ ጧት ደብሪቱ ሚጥሚጣን ለማሳሸግ ሞጆ መውጫ ላይ ወሰደቻት፤ ተወዳዳሪ መኪና ሁሉ እዚያ ታሽጎ ያድራል። እዚያ እስክትደርስ ለምን ቆም ቆም እያለች እንዳዘገመች አልገባትም፤ ባትሪው ኃይሉን እየቆጠበ ነው ብላ ተደሰተች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ኢዮስያስ አረፉ።

የእድሩ ጡሩምባ በስልክ ነው የሚነፋው። እማማ ሶሊያና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ ሰሙት፤ ከዚያ ተቀመጡ፤ ወንበር ላይ መሆናቸውን ሲያዩ ተነሡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቀብሩ እሑድ ነው። ለደብሪቱ ቢነግሯት መኪናዋን አስፈትታ ባትሪዋን ትወስዳለች፤ ከዚያ ይህ እብድ ባትሪ ልጂቱን ይዞ ቆቃ ኩርባ ላይ ይገባል፤ ኩርባው ደግሞ ክራንች የሚታደልበት ቦታ ነው። ዝም ቢሉ ግን ያ ባትሪ የሚይዘው ማንን ነው? ጋሽ ኢዮስያስን። ሬሳ ሁለት ጊዜ አይሞትም። ከዚያ ሌላ እማማ ሶሊያናን ራሳቸውን። በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ እይዘዋለሁ አሉ በልባቸው፤ ዝምም አሉ።

እሑድ የሣጥኑን ገመድ ራሳቸው አሰሩ። አንድ ገመድ የሚበቃውን በአራት አሰሩ፤ ሣጥኑ ከመኪናዋ ጋር የተሠራ እስኪመስል። ለቀስተኛው ከፊት እንዳይሄድ፣ ሁሉም ከኋላ እንዲከተል አዘዙ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከየት መጣ ብሎ ያጉረመረመ ነበር፤ አሁን ጊዜው ተለውጧል ሲሉት ከኋላ ተሰለፈ። ያልቻሏቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ቄሱን አባ ናሆምን ነው። አባ ናሆም ዘወትር ኤሊ ውስጥ፣ ፊት ወንበር ላይ፣ ከእማማ ሶሊያና ጎን ነው የሚሄዱት። ዛሬ በእግር ቢሄዱ ጉልበታቸው ይፍታታል ብለው ቢመክሯቸው አባ ናሆም ቀና ብለው አዩአቸውና ገቡ።

«ቀበቶዎን ያድርጉ አባ።»

«ለኤሊ?»

«ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ኤሊ ተነሣች።

ለቀስተኛው በኋላ ሲናገር የታየው አቧራ ብቻ ነበር አለ። አንዳንዱ ጋሽ ኢዮስያስ ራሳቸው መሪውን የያዙ መስሎት አማተበ። እማማ ሶሊያና የእጅ ፍሬኑን ለመያዝ እጃቸውን ሊዘረጉ ቢሉ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ አልነቀል አለ።

«እመት ሶሊያና» አሉ አባ ናሆም ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው፣ «የመጀመሪያውን ምዕራፍ አለፍነው።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ሁለተኛውንም።»

አባ ናሆም ሥርዓት ከሚጓደል ብለው የየምዕራፉን ጸሎት እየሮጡ ያደርሱ ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ በግራ በኩል መጣ፣ ሄደም። ስድስተኛውን ሲጀምሩ ኤሊ የፍጥነት መንገዱ ላይ ወጥታለች። የሐዋሳው ባትሪ የሚያውቀው መንገድ ይህን ብቻ ነበርና፤ ሌላው ዓለም ሁሉ ለእሱ ወደዚህ የሚያስገባ ኮረኮንች ነው። የበር ጠባቂው የአስከሬን መኪና አይቶ ቆቡን አወለቀ፤ ቆቡን ሲመልስ መኪናዋ አልነበረችም።

ሩጫው ተጀምሮ ነበር። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ሚጥሚጣ መንገድ ዳር ቆማለች። ሦስተኛው ምዕራፏ ነበር። በኋላ እንደተሰማው ምልክቱ ሲሰጥ ሌሎቹ እንደ ጥይት ሲወጡ ሚጥሚጣ ግን በክብር፣ አንገቷን ደፍታ፣ በሰው እርምጃ ነው የወጣችው፤ ጥቂት ሄዳ ስትቆም ተመልካች ከነበሩት እናቶች አንዷ ሳያስቡት ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ሌላዋ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እማማ ሶሊያና ያን ሁሉ አላዩም። ያዩት በመስታወቱ በኩል የደብሪቱን ፊት ነው፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው በሕይወት፣ ከነሙሉ አጥንቷ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ምስጋና ሊያደርሱ ሲሉ ቆቃ ኩርባ መጣ።

እጃቸው ያን ጊዜ ተፈታ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት፤ ክንዳቸውን ብቻ አይደለም፣ ንፋሱን፣ እንቁላሉን፣ ደረጃውን፣ ሳሙናውን፣ ወንበሩን፣ በዕድሜያቸው የፈሩትን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው ሳቡት። ከጎማው ጭስ ወጣ። ባትሪው ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ገጥሞት አያውቅም። ኤሊ ኩርባውን እንደ አዲስ ሙሽራ ቀስ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ዞረችው። ቀጥ ያለው መንገድ ሲመጣ ግን እጃቸው ዛለ፤ ባትሪውም ተመልሶ ራሱን ሆነ።

ከዚያ እስከ መቂ እማማ ሶሊያና ዓይናቸውን አልጨፈኑም። መጨፈን ፈርተው ነው። ስለዚህ ሁሉንም አዩ። ኤሊ አንዱን ስታልፍ፣ ሌላውን ስታልፍ፣ በመካከላቸው መዳፍ የማታስገባ ክፍተት ስትቀር፣ አንዳቸውንም ግን ሳትነካ። ማንንም አልጣለችም። የቆቃ ሐይቅ በግራ በኩል እንደ ቢላ ብልጭ ብሎ አለፈ። እማማ ሶሊያና ከአፋቸው የማያውቁት ድምፅ ሲወጣ ሰሙ፤ ሳል ነው ብለው ነበር፣ አልነበረም።

«አባ» አሉ፣ «እኔ ምን እየሆንኩ ነው?»

«እየሳቅሽ ነው ልጄ» አሉ አባ ናሆም። «ሬሳ ይዘናል።»

መቂ መጀመሪያ የደረሰው አስከሬን ነበር። ዳኞቹ ጥቂት ተወያዩ፤ መኪናዋ አልተመዘገበችም፣ ከተሳፋሪዎቹም አንዱ ሕግ የሚጠይቀውን የጤና ምርመራ አያልፍም ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። ባትሪው ግን ይህን አያውቅም። ያሸነፈ መኪና እንዴት እንደሚመለስ ነው የሚያውቀው፦ ቀስ ብሎ፣ መብራቱን እያበራ እያጠፋ፣ ክላክሱን እየነፋ። እንዲህ ሆነው ተመለሱ። ጋሽ ኢዮስያስ በክላክስ ታጅበው ሞጆ ሲገቡ ሚጥሚጣ ስድስተኛው ምዕራፏ ላይ ቆማ ነበር።

ደብሪቱ ወርዳ መንገዱ መካከል ቆመች። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። መጀመሪያ የእማማ ሶሊያናን ራስ ዳሰሰች፣ ከዚያ ክንዳቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን፤ እማማ ሶሊያና ይህን ዳሰሳ ያውቁታል፣ የራሳቸው ነው።

«ቀበቶ አድርገሽ ነበር?»

«አድርጌ ነበር።»

«ስታልፊኝ አየሁሽ። ወዲያ ኩርባው አለ። ልከተልሽ ብል ይህች ጋሪ ቆመችብኝ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ እማዬ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ቁጭ ብዬ ስምሽን መጥራት ብቻ።»

«እኔ እሑድ እሑድ እንዲሁ ነው የምውለው» አሉ እማማ ሶሊያና።

ደብሪቱ የሚጥሚጣን ሆድ፣ ከዚያ የኤሊን፣ ከዚያ አያቷን አየች። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ተሳደበች፤ አባ ናሆም እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ መፍቻዋን አመጣች። ባትሪዎቹን እዚያው መንገድ ዳር ለዋወጧቸው፤ እማማ ሶሊያና ሁለተኛ ጓንት ሊደርቡላት ሲሉ እሷ ቀድማ የእሳቸውን ደረበችላቸው።

ቀብሩ እንደ ሥርዓቱ ሆነ። አባ ናሆም ያ ሁሉ አይቆጠርም ብለው ሰባቱንም ምዕራፍ ከመጀመሪያው አስቆሙ። ለቀስተኛው ሊጮህባቸው አስቦ ነበር፤ የጋሽ ኢዮስያስ ታላቅ ልጅ ግን እያለቀሰ የእማማ ሶሊያናን ጉልበት ሳመ። አባቱ በመቂ መንገድ አንደኛ ወጥተው መቀበራቸውን እስኪሞት አይረሳም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሊወቅሷቸው የመጡት ሰዎች አጀንዳው ሲከፈት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ የአሥር ልጆች አያት እጃቸውን አውጥተው፣ ለመጠየቅ ያህል ነው፣ ያ ባትሪ ለሚፈልግ አባል ቀብር ይገኛል ወይ አሉ። ሌሎችም ለመጠየቅ ያህል ጠየቁ። እማማ ሶሊያና ከቁልፍ ያዥነታቸው አልተነሡም። ለራሳቸው ቀብር ምን እንደሚመርጡ ሲጠይቋቸው በኤሊ ባትሪ ነው አሉ፣ በሥርዓት፣ በሰባት ምዕራፍ። ሰዉ ወደ ሌላ ነገር ሲያልፍ፣ «ቀጥታው መንገድ ላይ ብቻ…» ብለው ጀመሩና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለተኛው የመቂ ሩጫ ሲደርስ ደብሪቱ ከሐዋሳው ባትሪ ጋር ወጣች። እማማ ሶሊያና አልከለከሏትም። ጧት በጥላ ሥር ሲያናፍሱት የተገለበጡ መኪኖችን ወሬ አላወሩለትም። ጫፎቹን ጠረጉ፣ ሙቀቱን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እኔን እንደመለስከኝ መልሳት አሉት። ባትሪ በምክር እንደማይማር ያውቃሉ። ሆኖም ግን አሉት።

ከዚያ በረንዳ ላይ ወጡ። ወንበሩን አዩት፤ ቆመው ጠበቁ።

ስልኩ ገና ሲጮህ አነሡት። ደብሪቱ ነበረች፤ በስተጀርባዋ ጩኸት፣ ክላክስ፣ የሰው ሁካታ ይሰማል።

«እማዬ፣ አንደኛ ወጣሁ።»

«አጥንትሽ?»

«ሁሉም አለ። ስሚ፣ ሁለት ሰዎች ከፊቴ ነበሩ። ቆቃ ኩርባ ላይ ልከተላቸው ረገጥኩት፤ እምቢ አለኝ። በራሱ ፍሬን ያዘ። ቆሞ የሚያማትብ ይመስል ነበር። እነሱ በቀጥታ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገቡ።»

«ደህና ናቸው?»

«ሽንኩርት ሆነዋል እንጂ ደህና ናቸው።» ደብሪቱ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እማዬ፣ ባትሪውን ምን አደረግሽው?»

እማማ ሶሊያና በረንዳው ላይ ያለውን ወንበር ሳቡ፤ የባትሪውን መጥረጊያ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ተቀመጡበት።

«ጠረግሁት» አሉ።